ለቅዱስ ፍትሐት አይፈታም

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መቶ ጊዜ ሲደወል በአርመኖቹ ሰፈር በቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም፣ ከእማማ አርሴማ በስተቀር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሻማውን ይዞ በረንዳ ላይ ወጥቶ፣ ካንዱ በረንዳ ወደ ሌላው እየተጠራራ ይነፋረቃል። በቴሌቪዥን ካቶሊኮሱ፣ የአርመኖቹ ፓትርያርክ፣ ከአርመን አገር ሆነው፣ ከመቶ ዓመት በፊት ቱርክ የፈጀው ያ ሁሉ ሕዝብ ከዛሬ ጀምሮ ሰማዕት ነው፣ ቅዱስ ነው ብለው አውጀዋል። እኔ ራሴ፣ የሰው አገር ሰው፣ ዓይኔ እስኪያብጥ አልቅሻለሁ። እማማ አርሴማ ግን ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ደወሉ እስኪያበቃ ጠበቁና፣

"ስንዱ፣ እንግዲህ ነገ የሚሳክን ስም ማን ይጠራዋል?" አሉኝ።

"ቅዱስ ሆነ እኮ እማማ፣ ምን መጠራት ያስፈልገዋል?" አልኳቸው። እኔ እንደሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ይቀድመኛል።

ሻማቸውን እፍ ብለው አጠፉና አስተኚኝ አሉ።

በዚያ ቤት ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከወረኢሉ ለቤት ሠራተኝነት አረብ አገር ስወጣ የሁለት ዓመት ውል ነው የፈረምኩት፤ አሮጊቷ ለመዱኝ፣ እኔም ለመድኳቸው፣ በዚያው ቀረሁ። ስማቸው ህሪፕሲሜ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ምላሴ ላይ አልዞር ብሎኝ መከራዬን አየሁ። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ ያለችውን ቅድስት እያሳዩ ታሪኳን ነገሩኝ፤ ንጉሥ ላግባሽ ብሏት እምቢ ያለች፣ ከነጓደኞቿ አርመን አገር አንገቷን የሰጠች። እንዴ! ይህቺማ የኛዋ አርሴማ ናት! ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ አርሴማ አልኳቸው። ደስ አላቸው። ልጃቸው ጋርቢስ፣ እኔ ሙሴ ጋርቢስ የምለው፣ ምድር ቤት ጫማ ይሠራል፤ ደግ ሰው ነው፣ ድምፁ ብቻ ነው ኃይለኛ።

በየዓመቱ ሚያዝያ አሥራ ስድስት ቀን አርመኖቹ ሙታናቸውን ያስባሉ። ዋዜማውን ሁሉም የዘመዶቹን ስም በወረቀት ጽፎ ያድርና ጠዋት ለቄሱ ይሰጣል፤ ከቅዳሴ በኋላ ፍትሐት ሲደረግ ቄሱ እየጮኸ ያነበዋል። ከእማማ አርሴማ ቤተሰብ፣ ሃጅን ከሚባለው አገራቸው ከተነዱት፣ አሥራ አራት ሰው አልቋል። አሥራ ሦስቱን ሌላ ዘመድ ያስጠራል። የሳቸው ወረቀት ላይ አንድ ስም ብቻ ነው የሚጻፈው፤ ሚሳክ። የሁለት ዓመት ወንድማቸው ነው፣ እሳቸው ሳይወለዱ በረሃ የቀረ። እናታቸው ማኑሻግ እስኪሞቱ ድረስ አስጠሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሃምሳ አራት ዓመት እሳቸው። በዚህ አገር የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ እንኳ፣ ጥይት በላያቸው እያፏጨ ወረቀቱን ይዘው ሄደዋል አሉ።

በማግስቱ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ገፍቼ ወሰድኳቸው። ቄሱ ዴር ጎርዩን ወረቀቱን ተቀበለና፣ አየው፣ አጥፎ መልሶ መዳፋቸው ላይ አደረገላቸው።

"እናቴ፣ ለቅዱስ እኮ ፍትሐት አይፈታም" አላቸው፣ ጎንበስ ብሎ። "እስከ ትናንት እኛ ለነሱ ጸለይን። ከዛሬ ጀምሮ እነሱ ናቸው ለኛ የሚጸልዩት።"

እውነቱን ነው። እኔም ብሆን ለጊዮርጊስ ፍትሐት የሚያስፈታ ሰው አይቼ አላውቅም። ሕዝቡ ደግሞ ደስታውን አልቻለውም፤ መቶ ዓመት ያለቀሰላቸው ሰዎች ታቦት ሆኑለት ማለት እኮ ነው። ሙሴ ጋርቢስማ የአሥራ አራቱን ስም በሐምራዊ ጨርቅ ላይ በወርቅ ክር አስጠልፎ፣ በቤተ ክርስቲያኑም የሰማዕታት መዝገብ አስገብቶ፣ ጨርቁን በዚያ ቀን የመታሰቢያ ሰልፍ ፊት ፊት ይዞ ሄደ። ከሁሉ በላይ ያስጻፈው ሚሳክን ነው፣ እናቴ ደስ ይበላት ብሎ። ጎረቤቶቹ ከዚያ በኋላ ሲያገኙት መቀለጃ አደረጉት። አንዱ "ጋርቢስ፣ አጎትህን መብራት እንዳያጠፉብን ለምንልን" ይለዋል፤ ሌላው "አጎቱ ቅዱስ፣ እሱ የጫማ ዋጋ ይጨምራል" ይለዋል። ይስቃል። ልጄ ቢድን ብላ በስሙ የተሳለች ሴትም ነበረች፤ ጨርቁን ስማ ሄደች።

እማማ አርሴማ ግን ምግብ ተዉ። እሁድም ሰኞም ዳቦ በሻይ ነክሰው አንሺው ይሉኛል። ልቆጣቸው ሞከርኩ፤ ማን ሰምቶኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ሳለሁ ነገሩኝ። ፊታቸውን ማየት ስለማልችል ይመስለኛል ያን ሰዓት የመረጡት።

"እናቴ ለሰው ሁሉ፣ ሚሳክ ጡቴ ላይ ሞተ ብላ ነው የተናገረችው። አልሞተም።"

ቀጠሉ። እናታቸውና ሌሎቹ እየተነዱ ዴር ዞር በረሃ ውስጥ አንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ደረሱ። የማኑሻግ ጡት ደርቋል፤ ልጁ ማልቀስ እንኳ ትቷል። ጉድጓዱ ዳር አንዲት የዘላን አረብ ሴት ቆማለች፤ የራሷ ሕፃን በዚያ ሳምንት ሞቶባት ቀሚሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም። ሴትዮዋ እጇን ዘረጋች፣ ማኑሻግ ሰጠቻት። የሚነዳቸው ወታደር ማኑሻግን በሰደፍ ገፋት፣ ሄደች። ዞራ ስታይ ልጁ አላለቀሰም፤ መጥባት ጀምሮ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ፈለገችው። ድንኳን የለ፣ ሰው የለ፣ ጉድጓዱም በአሸዋ ተደፍኗል።

"ሌሎቹ እናቶች ልጆቻቸውን በእጃቸው አፈር አልብሰዋል" አሉ እማማ አርሴማ። "እሷ እንዴት ብላ በነሱ መካከል 'የኔን ሰጠሁት' ትበል? ሞተ አለች። ለኔ ብቻ ነው ልትሞት ስትል የነገረችኝ። 'በየዓመቱ ስሙን በድምፅ አስጠሪልኝ። ሞቶ ከሆነ ነፍሱ ታርፋለች። ካለም ሌላ ስም አውጥተውለታል፤ እኔ ያወጣሁለትን ስም የሚጠራው ሰው አይጣ' አለችኝ። ማልኩላት።"

"ካለ እኮ አሁን መቶ ሁለት ዓመቱ ነው" አልኩ።

"እኔስ ዘጠና አንድ አይደለሁ? በእናቴ ወገን ሰው ቶሎ አይሞትም" አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። "አሁን ሁሉም ሚሳክ ሆይ ለምንልን ይለዋል። እሱ ግን አንድ ቦታ መስጊድ አጠገብ ተቀብሮ፣ የሚጸልይለት የሚፈልግ ተራ ሰው ቢሆንስ? ለሱ ማን ይጸልያል?"

ሁለተኛውን ጉንጉን እንኳ ሳልጨርስ ተውኩት።

እነሱ ዘንድ ከፋሲካ በኋላ ቄሱ ቤት ለቤት እየዞረ ይባርካል። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ፣ ውኃና ጨው ታኖርለታለህ፣ ጸልዮ ይሄዳል። ሐሙስ ዕለት ዴር ጎርዩን እኛ ጋ መጣ። ባርኮ ሊነሳ ሲል እማማ አርሴማ ተቀመጡ አሉትና ለኔ የነገሩኝን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ገና ጎልማሳ ነው፣ ልበ ቀና። ሲጨርሱ ግንባሩን በመስቀሉ ደግፎ ቆየ።

ሰማዕት ካልሆነ ስሙ ከመዝገቡ መውጣት አለበት አለ። ያስመዘገበው ጋርቢስ ስለሆነ እሱ መስማት አለበት። ከወጣ በኋላ እንደ ማንኛውም የሞተ ሰው እሁድ እጠራዋለሁ አለ። እሰይ፣ ተገኘ መላው፣ አልኩ እኔ በሆዴ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ግን እናቴ፣ መሞቱን ያውቃሉ?" አላቸው።

"አላውቅም።"

"በሃይማኖቱ መቆየቱንስ?"

"በሁለት ዓመቱ ምን ሃይማኖት ነበረው? የጠባው ያረቧን ጡት ነው።"

"ታዲያ ምን ብዬ ነው ፍትሐት የምፈታለት?"

"መቶ ዓመት ፈትታችሁለታል እኮ።"

"ሞቷል ስለተባልን ነው።" ዓይኑ እንባ ሞልቷል። "በልቤ ልጸልይለት። መንበሩ ፊት ቆሜ በየቀኑ፣ በልቤ።"

"እናቴ በልብ አላለችም። በድምፅ ነው ያለችው።"

ዳቦውን እንደ ደንባቸው ቆርሶ በላ፣ እጃቸውን ሳመ፣ ወጣ። እኔ ደረጃው ድረስ ተከትዬው ወርጄ፣ ቄስ ሆነህ አንዲት ቃል አቅቶህ ነው ወይ ብዬ ልናገረው ነበር። ፊቱን ሳየው ተውኩት። ምን ያድርግ? አስተምረውታል፣ አስምለውታል። እንዲያም ሆኖ ንዴቴ ስላልበረደልኝ ያን ቀን ድስት ሳጥብ ሁለቱን ጆሮ አልባ አደረግኳቸው።

ቢያንስ ስሙ ከመዝገቡ ይውጣ ብለው፣ እሁድ ምሳ ላይ ለልጃቸው ሊነግሩት ቆረጡ። ሙሴ ጋርቢስ ስጋ የተቀባውን ስስ ቂጣቸውን እየጠቀለለ ይበላል። መጀመሪያ የሚያወሩትን ተረት መሰለው፣ እየሳቀ ሰማ። በኋላ መብላቱን ተወ።

"እማ፣ አያቴ ልጇን በገዛ እጇ ሰጠችው ነው የምትዪኝ?"

"ሊሞት ነበር።"

"የማን ልጅ ያልሞተ አለ? ስንቷ እናት ናት ልጇን አቅፋ ወንዝ የገባች! እሷ ግን ሰጥታ፣ ዞራ ሄደች?" ድምፁ እያደገ መጣ። "ሰፈሩ ሁሉ ጨርቁን ሲስመው አይተሻል። አሁን ሄጄ፣ ይቅርታ፣ ሰማዕት አይደለም፣ አያቴ ናት የሰጠችው ልበል? ልጇን የሰጠች ሴት ምን ተብላ ነው የምትጠራው?"

እኔ ያን ጊዜ፣ "አንተ እዛ ነበርክ?" ልለው አፌን ስከፍት፣ እማማ አርሴማ ከጠረጴዛው በታች እጄን ጨብጠው ያዙኝ። አጥንታቸው ብቻ ነው የቀረው፣ ግን ይዘውኝ አስቀሩኝ።

"ልክ ነህ ልጄ" አሉት። "አርጅቻለሁ። ሕልሙና እውነቱ እየተቀላቀለብኝ ነው። ብላ።"

ተነስቶ ግንባራቸውን ሳማቸው፣ ይቅርታም ጠየቃቸው። ለኔ ኮሪደር ላይ ሐኪም ጥሪላት፣ መድኃኒቱ ሳይሆን አይቀርም እንዲህ የሚያስቀባጥራት አለኝ። ሲሄድ፣ ለምን እውነቱን ካዱ ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ አሽከሪቷ፣ እሳቸው ላይ።

"ወንድሜን ላስጠራ ብዬ እናቴን አላሰድብም" አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ እያሰቡ ከረሙ። ቅዳሜ ጠሩኝና፣ ያንቺ ቤተ ክርስቲያን የኛ እህት አይደለችም ወይ አሉኝ። ናት አልኳቸው። ወረቀቱን ሰጡኝ። "ነገ ስትሄጂ ለቄስሽ ስጪው። ግን ሁሉንም ንገሪው፣ አንዲት ነገር እንዳትደብቂ። ያንቺ ቄስ ጋርቢስን አያውቅ፣ ሰፈሩን አያውቅ። እሱ ይፍረድ።"

እኛ የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የዚያን ሰሞን ለቅሶ ነው። ሊቢያ ባሕር ዳር ልጆቻችን በክርስትናቸው ታርደው በቴሌቪዥን ያየንበት ሦስተኛ ሳምንት ነው። ሴቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይንሰቀሰቃል። ቄሳችንን አባ ኃይለ ገብርኤልን ለማግኘት ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ የነበረችው ልጅ የወንድሟን ፎቶ ይዛለች፤ በሊቢያ በኩል እሄዳለሁ ብሎ ከወጣ ስልኩ ጠፍቷል፤ ቪዲዮው ላይ ከኋላ ያለው እሱ ይመስለኛል፣ ፍትሐት ይደረግልኝ ትላለች።

"ልጄ፣ ይመስለኛል ብለሽ አይሆንም" አሏት አባ። "ሳይረጋገጥ ፍትሐት የለም። እኔ የሰው ተስፋ አልቀብርም።"

እሷ እያለቀሰች ሄደች፣ ተራዬ ደረሰ። ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። መልሳቸው ያው ነው የሆነው። የሞተ እንደሁ አይታወቅ፣ ክርስትናው አይታወቅ፣ አርመኖቹ ራሳቸው ቅዱስ ብለውታል፤ "እህቴ፣ እኔ በምን ሥልጣኔ?" አሉኝ። መቶ ሁለት ዓመት የሚኖር ሰው የት አለ አባ አልኳቸው። መቶ ሃያ የኖሩ አባት አውቃለሁ አሉኝ። ተናደድኩ። እናንተ ቄሶች እዛም እዚህም አንድ ናችሁ ብዬ ጥያቸው ወጣሁ። የማርያም ያለህ፣ አንዲት ዘጠና አንድ ዓመት የሆናቸው አሮጊት አንዲት ስም ናት የፈለጉት!

አውቶቡሱ ውስጥ ወሰንኩ። እዋሻለሁ አልኩ። ማን ይጎዳል? ደስ ብሏቸው ይበሉልኝ፣ ደስ ብሏቸው ይሙቱ። ቤት ስገባ በረንዳው ላይ እየጠበቁኝ ነው። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣

"ሁሉንም ነገርሽው?" አሉኝ።

"ሁሉንም።"

"መስጠቷንም?"

"መስጠቷንም።"

"መሞቱን እንደማላውቅም?"

"አዎ እማማ። ሰምተው ሲያበቁ ስሙን ጠሩት። በድምፅ። ሕዝቡም እግዚኦ አለ፣ ሦስት ጊዜ።" ሦስት ጊዜ የሚለውን ከራሴ ጨመርኩበት፤ ውሸት አንዴ ከተጀመረ አፍ ይፈታል።

ፊታቸው ሲበራ ለማየት ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው፣

"ሁሉን ሰምቶ ፍትሐት ከፈታለት እንግዲያስ ሚሳክ ሞቷል" አሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለቱ እናትና ልጅ መቶ ዓመት ሙሉ የሞተ ሰው ጸሎት እያስጸለዩ፣ አንዲት ቀዳዳ ትተውለት ነው የኖሩት። ምናልባት አለ። ምናልባት አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ደረጃውን ወጥቶ በሩን ያንኳኳል። ያችን ቀዳዳ እኔ ዘጋሁባቸው። አባ የሰው ተስፋ አልቀብርም ሲሉ ፊታቸው ቆሜ ሰምቻለሁ እኮ፤ ጆሮዬ ሰማ፣ ልቤ አልሰማም። እኔ ስንዱ ፍትሐት አስፈታሁ ብዬ መርዶ አረዳሁ።

አለቀሱ። በደወሉ ቀን ያላለቀሱት ሴት፣ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው እየመቱ፣ ሬሳ ፊታቸው የተዘረጋ ይመስል አለቀሱ። ስሙን ይጠራሉ፣ ባላዩት ልጅ ስም ይጮሃሉ። አጠገባቸው ተንበረከክኩ። እማማ ውሸቴን ነው ልላቸው ፈለግኩ። ብናገርስ? አልተጠራም፣ ማንም አልጠራውም፣ የኔም ቄስ የርስዎም ቄስ አይጠሩትም ልላቸው ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የምመልስበት መንገድ አልታየኝም።

ሙሴ ጋርቢስ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ሙጫ በእጁ እንደያዘ እየሮጠ ወጣ።

"እማ፣ ምን ሆንሽ? ማነው የሞተው?"

"ወንድሜ።"

"እማ…" አለ፣ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደ ሕፃን እያባበላቸው። "መቶ ዓመቱ እኮ ነው። ቅዱስ ነው አሁን፣ አይለቀስለትም።"

"ዛሬ ነው የሞተው" አሉት።

ቀና ብሎ አየኝ። "ምን ነግረሻት ነው?"

አፌ የሚቀድመኝ ሴት አፌ ተያዘ። እሱ ያየኛል፣ እሳቸውም እያለቀሱ ያዩኛል፤ አንዲት ቃል ከተናገርኩ ያችን በረሃ ላይ ልጇን የሰጠችውን እናት እንደገና ለስድብ አሳልፌ መስጠቴ ነው።

"ምንም" አልኩት።

"ስንዱ፣ ጥቁሩን ልብሴን አምጪልኝ" አሉኝ እማማ አርሴማ።

ሄጄ አመጣሁላቸው።